ማሸጊያው ያልተነካው በር

ወይዘሮ አስካለማርያም ዓርብ ጠዋት ወደ ፖሊስ ጣቢያ የመጡት ገዳይ ይያዝልኝ ብለው አልነበረም። ባላቸው ሐሙስ ሞተዋል፤ አስከሬናቸው ገና ከሆስፒታል አልወጣም። እሳቸው ግን ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ በአንድ እጃቸው የምሳ ዕቃ፣ በሌላው የልብስ ፌስታል አንጠልጥለው ኢንስፔክተር አሰጋሽ ጠረጴዛ ፊት ቆሙ።

«ፍትሃት ነው የምፈልገው» አሉ ሳይቀመጡ።

አሰጋሽ ጡረታዋ የደረሰ፣ ጉልበቷን የሚያማት፣ ምላሷን ግን አንድም ቀን አሟት የማያውቅ መርማሪ ናት። «እሱ እንኳ እዚህ አይታደልም እትዬ» የሚለው አፏ ላይ ደርሶ ነበር። የሴትዮዋን ፊት አየችና ዋጠችው። ወንበር ስባ አስቀመጠቻቸው።

«እስቲ ከመጀመሪያው ይንገሩኝ።»

ነገሩ አጭር ነበር። አቶ ወልደሚካኤል፣ ቃሊቲ ጉምሩክ አካባቢ ጋሽ ወልዴ ከተባለ የማያውቃቸው የለም፣ ትራንዚተር ነበሩ፤ ነጋዴው ከውጭ ያስመጣውን ዕቃ ወረቀቱን አሟልተው፣ ቀረጡን አስከፍለው ከጉምሩክ የሚያወጡ ሰው። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የጽዳት ሠራተኛዋ ቢሯቸው ስትገባ ጠረጴዛቸው ላይ ተደፍተው አገኘቻቸው። የተኙ መስሏት ቀስ ብላ ዙሪያቸውን ጠርጋ ነበር፣ ምስኪን። ሐኪሙ የነቀዝ ኪኒን መርዝ ነው አለ። በእኛ አገር ደግሞ የነቀዝ ኪኒን ከተባለ ሌላ ጥያቄ የሚጠይቅ የለም፤ ተስፋ የቆረጠ ሰው የሚውጠው እሱን ነው። ጋሽ ወልዴ አምና አንዲት ልጃቸውን ማህሌትን በወሊድ ቀብረዋል። በቃ! ሰፈሩ በአንድ አዳር ፈረደባቸው።

«ቄስ ሀብተሚካኤል የነፍስ አባታችን ናቸው» አሉ ወይዘሮ አስካለማርያም። «ራሱን ላጠፋ ፍትሃት የለም አሉኝ። እያለቀሱ ነው ያሉኝ፣ አልቀየማቸውም። ግን ነገ ዘጠኝ ሰዓት ቀብር ነው። ወልዴን ያለ ጸሎት እንደ ውሻ ልቅበረው?» የምሳ ዕቃውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። «ይኸው፣ ሐሙስ ያስያዝኩት ምሳ ነው። አልተነካም። ፍልሰታ ነው፤ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ውሃ እንኳ በአፉ አይዞርም። ጾም መግደፍ የሚፈራ ሰው፣ ኪኒን ይውጣል? አንቺ ንገሪኝ!»

አሰጋሽ ክዳኑን ከፈተች። ሽሮው ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ እንጀራው እንደታጠፈ ነው። መልሳ ከደነችው።

«ሌላ ማን አለዎት እትዬ?»

«ቀናው። የወልዴ እህት ልጅ ነው፤ እናቱ ስትሞት እኔ ነኝ ያሳደግኩት። ከማህሌት ጋር በአንድ አልጋ ነው ያደጉት። ሥራውንም ያስተማረው ወልዴ ነው። ከእንግዲህ ያለኝ እሱ ብቻ ነው» አሉና ያን ጊዜ ብቻ አለቀሱ።

ፌስታሉ ውስጥ ያለው ጋሽ ወልዴ ሲሞቱ የለበሱት ልብስ ነበር። አሰጋሽ ሱሪውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ጉልበቱ ላይ አመድ የመሰለ ግራጫ ዱቄት ተለጥፏል። የእግሩን ቅልብሽ ስትፈታው ጥቂት የሩዝ ፍሬ ጠብ ጠብ አለ።

«ሐሙስ ቤት ሩዝ ነበር?»

«የምን ሩዝ? በልቶትም አያውቅ።»

አሰጋሽ ሩዙን በወረቀት ጠቀለለችና ሆስፒታል ደወለች። ስልኩን ያነሳው ወጣት ሐኪም የአብስራ ይባላል፤ ሌሊቱን ሙሉ ተረኛ ስለነበር ድምፁ ሻክሯል።

«ዶክተር፣ ኪኒኑን ሆዳቸው ውስጥ አገኛችሁት?»

«ሆዳቸው ባዶ ነው። መርዙን ያገኘነው ደማቸው ውስጥ ነው። ሳንባቸው ውሃ ሞልቷል።»

«ኪኒን የዋጠ ሰው ሆዱ ባዶ ይሆናል?»

የምርመራ ወረቀቱን ሲያገላብጥ ተሰማ። «ይሄ ኪኒን እርጥበት ሲያገኝ ጋዝ ይሆናል» አለ በመጨረሻ። «ነቀዙን የሚገድለውም ጋዙ ነው። ዝግ ቦታ ከሆነ ሰውንም... እውነቱን ልንገርሽ? የመጣልን ሁሉ ውጦ ስለሚመጣ፣ እሳቸውም ውጠው ነው ብለን ነው።»

«በጋዝ ከሆነ ወዲያው ይወድቁ ነበር?»

«የግድ አይደለም። ትንሽ ራስ ምታት፣ ትንሽ ድካም፣ ከዚያ ሰዓታት ቆይቶ ይጥላል።»

አሰጋሽ ስልኩን ዘጋች። ለወይዘሮ አስካለማርያም ምንም አላለቻቸውም፤ ባዶ ተስፋ ከመስጠት ዝም ማለት ይሻላል። ጃኬቷን አነሳች።

የጋሽ ወልዴ ቢሮ ከጉምሩኩ ፊት ለፊት፣ ፎቶ ኮፒ ቤትና ጎማ ቤት መሃል ያለች አንዲት ክፍል ናት። ቀናው ብቻውን ተቀምጧል። ሠላሳ ያልሞላው፣ ጺሙ ያልተላጨ፣ ዓይኑ ደም የመሰለ ልጅ ነው። ሲያያት ብድግ አለ። ጠረጴዛው ላይ ብርጭቆ የለም፤ የኪኒን ዕቃ የለም፤ ቆሻሻ መጣያውም ባዶ ነው።

«ሐሙስ የት ነበርክ?»

«ሞጆ፣ ደረቅ ወደቡ። ለሌላ ደንበኛ። ጋሼ ነው የላከኝ። ስመለስ ሰው ተሰብስቦ ደረስኩ።»

«እሳቸውስ ምን ሥራ ነበራቸው?»

«ፍተሻ። የረሻድ ሩዝ። ዲክላራሲዮኑ፣ ዕቃውን የምናስመዘግብበት ወረቀት፣ ሲገባ ኮምፒውተሩ ቀይ ሰጠው። ቀይ ከሆነ ኮንቴይነሩ ተከፍቶ በዓይን ይታያል።»

ሩዝ ሲል አሰጋሽ ዓይኗን አላነሳችም። «መቼ የመጣ ሩዝ ነው?»

«ሚያዝያ።»

«ነሐሴ አይደለም እንዴ አሁን?»

«ኦሪጅናሉ ቢል ኦፍ ሎዲንግ ዘግይቶ ነው። መርከቡ የሚሰጠው ወረቀት ነው፤ ኦሪጅናሉን ያልያዘ ሰው ዕቃው የኔ ነው ማለት አይችልም። ላኪው... ሳይልክልን ቆየ። ክረምቱን ሙሉ ኮንቴይነር የሚቆምበት ግቢ ውስጥ ቆየ።»

መሳቢያውን ሳበች። የጋሽ ወልዴ ስልክ እዚያ ነበር።

«ፍተሻ ሲሄድ ስልክ አይዝም» አለ ቀናው ቀድሟት። «ሥራ ላይ ስልክ ማናገር አይወድም።»

ስልኩን ከፈተችው። ያልተነሱት ጥሪዎች ሁሉ የቀናው ናቸው፤ አንዱ በአንዱ ላይ ተደርድረዋል። «ምነው እንዲህ ደወልክ?»

«የሞጆውን ወረቀት አንድ ነገር ልጠይቀው ብዬ።»

«አላነሱልህም። ወረቀቱስ እንዴት ሆነ?»

«ጨረስኩት» አለ ቀናው፣ ወለል ወለሉን እያየ።

ሳይጠይቅ ከጨረሰው ምን አስደወለው? አሰጋሽ ይህን በልቧ ያዘች። ልጁ ግን እውነተኛ ሐዘን ላይ ነበር፤ ሠላሳ ዓመት ሐሰተኛ ለቅሶ ያየች ሴት ይሄን አትስተውም። ትከሻውን መታ መታ አድርጋው ወጣች።

ሐሙስ ዕለት የኮንቴይነሩን በር ያስከፈተችው የጉምሩክ ፈታሽ አማረች ትባላለች። ቢሮዋ ስትጠየቅ፣ ከትናንት ከሰዓት ጀምሮ ታማ ቤቷ ናት ተባለ። አሰጋሽ ይህን ስትሰማ የቃሊቲን ትራፊክ እየረገመች ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ድረስ ሄደች። ጉልበቷ ደረጃውን ሲያይ ገና አለቀሰ፤ አማረች የምትኖረው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። በሩን የከፈተችው ግንባሯን በሻሽ አስራ፣ ግድግዳ ተደግፋ ነው።

«ጉንፋን ነው መሰለኝ» አለች። «ራሴን ፈለጠኝ፣ አስታወከኝ። የጋሽ ወልዴን የሰማሁት ዛሬ ነው። ለቅሶ እንኳ ሳልደርስ...»

«የኮንቴይነሩ ማሸጊያ ሳይነካ ነበር?»

«ማሸጊያው? አዎ። ቁጥሩን ከወረቀቱ ጋር አመሳከርኩ፤ አንድ ነው። በእኔ እጅ ነው የተቆረጠው። ያንን በር ከወደቡ ወዲህ የከፈተው ሰው የለም።»

«ከዚያስ?»

«ሌላው ትራንዚተር በሩ ላይ ቆሞ ፈርሞ ይሄዳል። ጋሽ ወልዴ ግን 'ዓይኔ ያላየውን እጄ አይፈርምም' ይላሉ፣ ያውቁት የለ። በጆንያው መሃል ተሹለክልከው እስከ ጥግ ገቡ። ተንበርክከው የመጨረሻውን ረድፍ ሳይቀር አዩ። እኔ በሩ ላይ ነበርኩ። ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ሸተተኝ፤ የዘበኛው ወጥ መስሎኝ...» አቋረጠች። ፊቷ ተለወጠ። «ኢንስፔክተር፣ ምንድን ነው እሱ?»

«ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ሂጂ» አለቻት አሰጋሽ። «ጉንፋን አይደለም፤ የሸተተሽም ወጥ አይደለም፣ የነቀዝ ኪኒን ጋዝ ነው።»

ሩዙ ያለበት ግቢ ከአቃቂ ወንዝ ማዶ ያለ፣ ኮንቴይነር የሚቆምበት የግል ቦታ ነው። ባለሩዙ ረሻድ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቃት። ከስልጤ መጥቶ ሳሪስ ጅምላ የሚነግድ፣ ሥራ እንጂ ነገር የማያውቅ ሰው ነው። ገና ሳትጠይቀው እጁን ደረቱ ላይ አደረገ።

«ወላሂ፣ እኔ ነኝ የገደልኳቸው!»

«እንዴት?»

«ለአረፋ ይድረስልኝ ብዬ ነዘነዝኳቸው። ሐሙስ ጠዋት 'ቀናው ሰኞ ይሁን ይላል፣ አንተ ዛሬ ትላለህ፣ እኔን ሽማግሌውን ወዲያና ወዲህ ጎተታችሁኝ' ብለው ሳቁ። ደክሟቸው ነበር ይሆናል፣ በሐዘን ላይ ሐዘን ጨመርኩባቸው። እኔም አብሬ ልግባ ስላቸው 'ነጭ ሸሚዝ ለብሰህ የት ትገባለህ፣ ቁም' አሉኝ።»

«የዚያ ወረቀት መዘግየት ምን ነበር?»

«እሱን ተይው! ላኪው ልኬያለሁ ብሎ ይምላል። ባንኩም መጥተው ወስደዋል ይላል። ቀናው አልደረሰንም ይላል። ማንን ልመን? ሌላ ተተክቶ እስኪመጣ ሰኔም ሐምሌም አለፈ።»

ዘበኛው ኩምሳ ከጎጆው ወጣ። የገላን ልጅ ነው፤ ግቢው የእርሻ ቦታ ሳለ አባቱ ጤፍ ያርሱበት ነበር።

«አካም ጅርታ ኩምሳ» አለችው አሰጋሽ።

«ፈጣሪ ይመስገን። እትዬ፣ እኔ በሩን አልነካሁም። ማሸጊያው ሙሉ ነበር።»

«እሱን አምኜሃለሁ።»

አንድ የጉምሩክ ባልደረባ ባለበት በሩ ወለል ብሎ ተከፈተ። አሰጋሽ ሁሉንም አርቃ ለረጅም ጊዜ አናፈሰችው። ከዚያ ቀርባ አየች። በሩን ዙሪያውን ከሚደፍነው ጎማ ሥር የሞተ ነቀዝ ተከምሯል። ወደ ጥግ ስትገባ፣ ጋሽ ወልዴ የተንበረከኩበት ቦታ ላይ፣ በጋዜጣ ቁራጭ የተዘረጋ ግራጫ ዱቄት አገኘች። ኪኒኑ ጋዙን ጨርሶ አመዱን ትቷል። ሱሪው ላይ ያየችው ይሄንኑ ነው።

ታዲያ ማሸጊያው ሳይቆረጥ ማን ገብቶ አስቀመጠው? በሩን ዘግታ እጀታውን ትዳስስ ጀመር። እጀታው ከበሩ ጋር በብሎን ተይዟል። ብሎኑ ሁሉ ዝጓል። አንዱ ግን ያብረቀርቃል።

«ይኼን ማን ቀየረው?»

ኩምሳ ጎንበስ ብሎ አየ። «አላየሁም።»

«ይሄ ብሎን ከተፈታ እጀታው ማሸጊያውን እንዳንጠለጠለ ተነቅሎ ይወጣል። በሩ ይከፈታል። መልሰህ ስታስረው ማሸጊያው እንዳለ ነው።»

«ኧረ እናቴ!» አለ ኩምሳ፣ እጁን ራሱ ላይ ጭኖ። «እኛ ሌት ተቀን ማሸጊያውን እንጠብቃለን!»

«ነቀዙስ? መቼ ጀመረ?»

«ሐምሌ ላይ በጎማው ሥር እየወጣ ግድግዳውን ወረረው። ለቀናው ነግሬዋለሁ። ምነው ለረሻድ አትነግርም አልኩት፤ እኔ እነግረዋለሁ አለኝ። ባለፈው እሁድ ለቅዳሴ ሄጄ ከተመለስኩ ወዲህ ግን ቀረ። ብርዱ ገደለው ብዬ ነበር። እኔ እንደሁ ምሳዬን የምበላው እዚሁ በሩ ሥር፣ ጥላው ላይ ነው።»

«እሁድ የግቢው ቁልፍ የት ነበር?»

«ሚስማሩ ላይ። ጋሽ ወልዴም፣ ረሻድም፣ ቀናውም ያውቁታል። ሌላ ሰው አያውቀውም።»

ረሻድ በነቀዙ ወሬ ዓይኑ ፈጦ ነበር። «ምን ነቀዝ? ለእኔ ማን ነገረኝ?»

 በአሰጋሽ ልብ ግን ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ይዞ ነበር፣ ምነው ባልያዘ ኖሮ! ከግቢው ወጥታ አስፋልቱ ዳር ቆመች። የፋብሪካ ሰርቪሶች ወደ ቂሊንጦ ያልፋሉ። «ያለኝ እሱ ብቻ ነው» ያሉት ሴትዮ ድምፅ ከጆሮዋ አልወጣም። በሙያዋ ዘመን ብዙ ሰው ይዛለች፤ አንድም ቀን ግን ከሐዘንተኛ እጅ የመጨረሻውን ሰው ነጥቃ አታውቅም።

አመሻሹ ላይ ገላን ኮንዶሚኒየም፣ ለቅሶ ቤቱ ሄደች። ድንኳኑ እየተተከለ ነው። ወይዘሮ አስካለማርያምን ወደ ጎን ጠራቻቸው።

«እትዬ፣ ጋሽ ወልዴ ራሳቸውን አላጠፉም።»

ሴትዮዋ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ተመስገን።»

«ይሄን ለቄሱ ለማስረዳት ግን ሙሉውን መናገር አለብኝ። እውነቱ የሚያስከፍል ቢሆንስ?»

«ልጄ ሞተች። ባሌ ሞተ። ከዚህ ወዲያ ምን ያስከፍለኛል?»

አሰጋሽ ልትነግራቸው አፏን ከፈተች፤ አልወጣላትም። «በሉ፣ ነገ» ብላ ሄደች። መንገዱን ሙሉ ራሷን ፈሪ ስትል ሰደበች።

ቅዳሜ ከስድስት ሰዓት በኋላ የጋሽ ወልዴ አስከሬን ድንኳኑ መሃል ተቀምጧል። ዕድርተኛው ዙሪያውን ሞልቷል። ቄስ ሀብተሚካኤል እንደ ጎረቤት እንጂ እንደ ካህን አልመጡም፤ መስቀላቸውን ካባቸው ሥር አድርገው ከወንበሩ ጥግ ተቀምጠዋል። ረሻድና ኩምሳ ጎን ለጎን ናቸው። አማረች ከሐኪም ቤት ወጥታ መጥታለች፣ ፊቷ ገርጥቷል። ቀናው ከአስከሬኑ ራስጌ ቆሟል።

አሰጋሽ ለቅሶዋን አልቅሳ ስታበቃ ከአስከሬኑ ጎን ቆመች።

«ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ለቅሶ ቤት ምርመራ አይወራም። ግን ሰውዬው ዛሬ ነው የሚቀበሩት። ጋሽ ወልዴ ኪኒን አልዋጡም። ሐኪሙ ሆዳቸው ባዶ ነበር ብሎ ጽፎ ሰጥቶኛል። የገደላቸው ከኪኒኑ የሚወጣ መርዘኛ ጋዝ ነው። ያ መርዝ የነበረው የረሻድ ሩዝ ያለበት ኮንቴይነር ውስጥ ነው፤ ዱቄቱን ሱሪያቸው ላይም እዚያም አይቼዋለሁ። በሩ ላይ የቆመችው አማረች እንኳ ታማለች፤ እሳቸው ደግሞ እስከ ጥግ ገብተው ነበር። ያላዩትን ስለማይፈርሙ ነው የገቡት።»

ድንኳኑ ተንጫጫ። ቄሱ ብድግ አሉ። «ማን አስገባው መርዙን?»

«እሱን ነው የምናገረው አባ። ማሸጊያው አልተነካም፤ ግን የእጀታው ብሎን ተፈትቶ በሩ ተከፍቷል። እሁድ ቀን፣ ኩምሳ ቅዳሴ ሄዶ ሳለ። የቁልፉን ቦታ የሚያውቁት አራት ሰዎች ናቸው። ኩምሳ ራሱ ምሳውን እዚያው በር ሥር ተደግፎ ይበላል፤ መርዝ ያስቀመጠ ሰው ከመርዙ ሥር አይበላም። ረሻድ አብሬ ልግባ ብሎ ነበር፣ ነጭ ሸሚዙ አተረፈው። ጋሽ ወልዴ ቢያውቁ ኖሮ አይገቡም ነበር።»

ረሻድ ቀስ ብሎ አንገቱን አዞረ።

«ሩዙ ይውጣ ብሎ ሁሉም ሲቸኩል 'ሰኞ ይሁን' ያለ አንድ ሰው ብቻ ነው» አለች አሰጋሽ። ድምፅዋ ዝቅ አለ። «ለምን ሰኞ? በመሃል እሁድ አለና። እሁድ ኩምሳ ቅዳሴ ይሄዳል፤ በሩን ከፍቶ ማናፈስ ይቻላል። ነቀዙንም ያወቀው እሱ ነው፤ ለባለቤቱ ግን አልነገረም። ለምን? ነቀዙ የመጣው ዕቃው በመዘግየቱ፣ ዕቃው የዘገየው በወረቀቱ ነውና። ፍተሻው ሐሙስ ሲሆን፣ ስልክ ደጋግሞ የደወለውም እሱ ነው።»

ስሙን አልጠራችም። አላስፈለገም። ቀናው ተንበረከከ።

«ባንኩ ሰጥቶኝ ነበር» አለ። «ኦሪጅናሉን። ከሳሪስ ስመጣ ታክሲ ውስጥ ረስቼው ወረድኩ። ጋሼ ያን ሰሞን በማህሌት ሐዘን... እንዴት ልንገረው? አልመጣም አልኩት። ከዚያ ነቀዝ ገባ። ሩዙ ከተበላሸ ሁሉም ይወጣል ብዬ ኪኒኑን አስቀመጥኩ። ገዳይ ጋዝ መሆኑን አውቃለሁ፤ በሚቀጥለው እሁድ አናፍሰዋለሁ ብዬ ነበር።»

«በሩ ላይ አደጋ አለ ብለህ ወረቀት ብትለጥፍስ?» አሉ ቄሱ።

«ከለጠፍኩ በሩ መከፈቱ ይታወቃላ፣ አባ።»

ረሻድ ከመቀመጫው ተነስቶ ነበር። እንባው ይወርዳል። «ለእኔ ብትደውል ኖሮስ? ስልኬ በእጄ ነበር! ግቢው በር ላይ ቆሜ ነበር እኮ! 'አታስገባቸው' ብትለኝ ምን አለ?»

«ለአንተ ከነገርኩህ... ሁሉም ይሰማል ብዬ» አለ ቀናው። «ለእሱ ብቻ ነበር ልነግረው የፈለግኩት።»

 ወይዘሮ አስካለማርያም ቀናውን ረጅም ጊዜ አዩት። ሁለት ሌሊት ሙሉ አጠገባቸው ተቀምጦ፣ ፍትሃት ተከለከለ ብለው ሲጮሁ ውሃ ሲያቀብላቸው ነበር። አሰጋሽ እሪ ይላሉ ብላ ጠበቀች። እሳቸው ወደ ቄሱ ዞሩ።

«አባ፣ ሰሙ?»

«ሰማሁ ልጄ።» ሽማግሌው መስቀላቸውን ከካባቸው ሥር አወጡ። «እሱን ሳይሆን እኛን ይፍታን። ዲያቆኖቹን ጥሩልኝ፣ ጥላውን ይዘው ይምጡ።»

ጸሎቱ ተጀመረ። አሰጋሽ ካቴናውን ከኪሷ አላወጣችም። አስከሬኑ ሊነሳ ሲል ቀናው ቀና ብሎ አያት።

«ኢንስፔክተር፣ ልሸከመው?»

አሰጋሽ ወይዘሮ አስካለማርያምን አየች።

«ይሸከም» አሉ ሴትዮዋ። «ሌላ ማን ወንድ ልጅ አለው?»

እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ ዳገት ነው። አሰጋሽ ጉልበቷን እየጎተተች ከኋላ ተከተለች። ከቀብሩ መልስ ልጁ ራሱ መጥቶ አጠገቧ ቆመ።

ጋሽ ወልዴ አርባቸው ከወጣ በኋላ፣ አንድ ረቡዕ ቀን፣ አሰጋሽ በሌላ ጉዳይ ቂሊንጦ ማረሚያ ቤት ሄዳ ነበር። ስንቅ የሚያስገቡ ሰዎች ሰልፍ ላይ አንዲት ጥቁር የለበሱ ሴት አየች። እጃቸው ላይ ያለው የምሳ ዕቃ ያው ነው። አልጠራቻቸውም፤ በምን አፏ?

ፈታሿ ወጣት ናት፤ ክዳኑን ከፍታ ሽሮውን በማንኪያ አገላበጠች።

«ቅመሱት እናቴ» አለች። ስንቅ ያመጣው ሰው ፊቷ ካልቀመሰው ስንቁ አይገባም፤ ደንቡ ነው።

ወይዘሮ አስካለማርያም ሰማዩን ቀና ብለው አዩ። ረቡዕ ጾም ነው። ገና ስድስት ሰዓት እንኳ አልሞላም።

«ሳይቀመስ አይሆንም ልጄ?»

«አይሆንም እናቴ። ካልሆነ ይመልሱት።»

ሴትዮዋ አማተቡ። እንጀራውን ቆርሰው ሽሮው ላይ ነክረው ጎረሱ፤ ፈታሿ እያየቻቸው ዋጡት። ከዚያ አፋቸውን በነጠላቸው ጠረጉና የምሳ ዕቃውን ሰጧት።

«ለቀናው ነው» አሉ። «ሳይቀዘቅዝ ይድረሰው።»